ወንድ እንዳያየው የተባለው ጥቁር አዝሙድ

ዳባት ገበያ ላይ ጥሩ ጥቁር አዝሙድ የፈለገ ሰው ብዙ አይዞርም። ከቅመም ተራ መጨረሻ፣ የበርበሬው ብናኝ በማይደርስበት ጥግ፣ ሰው ሁሉ «እታለም» እያለ የሚጠራት ሴት አለች። ስሟ ሰሊማ ነው፤ በስሟ የሚጠራት ግን ዘመድ ብቻ ነው። የእሷ ጥቁር አዝሙድ አሸዋ የለበትም፣ ገለባ የለበትም፣ የአምናው ከዘንድሮው አልተቀላቀለበትም። አንዴ አንድ ገዥ «ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ከማን ተማርሽ?» ቢላት «ጠጥቼው ነው» አለችው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ቀልድ አልነበረም።

ሰሊማ ከዳባት ወደ ደባርቅ የተዳረችው ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት ነው። ባሏ ሱሌማን ባትሪ ሠሪ ነበር። ደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ሱቅ ነበረችው፤ በሊማሊሞ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚሄድ መኪና ሁሉ ባትሪው ከደከመ የሚቆመው እሱ ደጅ ነበር። ሱሌማን የሞተውን ባትሪ ይከፍታል፣ አሲዱን ይደፋል፣ ከውስጡ ያወጣውን እርሳስ በአሮጌ መጥበሻ አድርጎ ከሰል ላይ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠውን አፍስሶ የተበላውን ቦታ መልሶ ይሠራዋል። እርሳስ ሲቀልጥ ያምራል። ግራጫው ቆሻሻ ወደ ዳር ይሸሽና መሀሉ እንደ መስተዋት ይጠራል። ሰሊማ ምሳ ይዛለት ስትሄድ ጎንበስ ብላ ታየው ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለውኃ ብቻ አይደለም፤ ያኔ ግን ይህን የነገራት ሰው የለም።

ሱሌማን መልካም ባል ነበር። ይህን እሷም እስከ ዛሬ አትክድም። አይቆጣም፣ አይመታም፣ ከሱቅ ሲመለስ ብርቱካን ከኪሱ ያወጣል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ እናቱ ፊት አንደበት የለውም። በተረፈ ሥራ ወዳድ ነበር፤ እንዲያውም ሥራውን ይዞት ነበር ወደ ቤት የሚገባው። እጁን ለቅለቅ አድርጎ ማዕድ ላይ ይቀርባል፣ ጥፍሩ ሥር ግን ግራጫው አይለቅም። ልብሱን ሰሊማ ስታጥበው ውኃው እንደ አመድ ይሆናል። አንዳንድ ቀን ሆዱን ይቆርጠዋል፤ «አፌ ብረት ብረት ይለኛል» ብሎ ምግቡን ትቶ ይነሳል። ብርድ ነው ይሉታል። ደባርቅ ላይ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ብርድ ነው።

ልጅ አልመጣም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሰው ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ዓመት ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ መጠየቁን ይተውና ያዝናል። ሰሊማን ከሁሉም ያስመረራት ማዘኑ ነው።

የሱሌማን እናት እትዬ ሩቅያ ግን አዝነው የሚቀመጡ ሴት አልነበሩም። አንድ ማለዳ ጥቁር አዝሙድና ማር በኩባያ ይዘው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ጥቁር አዝሙዱ ተቆልቶ ሳይሆን ጥሬውን የተወቀጠ ነው፤ ዝንጅብል ጣል ተደርጎበታል። የሚጠጣው ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ውኃ ሳይቀመስ፣ ለሰው ሳይነገር ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ፣

«ወንድ እንዳያየው» አሉ እትዬ ሩቅያ። «ልብ በይ ልጄ። የሴት መድኃኒት ነው፤ የወንድ ዓይን ካረፈበት ይፈርሳል። እኔም ሱሌማንን ያገኘሁት በዚሁ ነው። ሰባት ዓመት መካን ስባል ኖሬ፣ እናቴ ናት ያጠጣችኝ።»

ክፋት አልነበረባቸውም። እውነቱ ይነገር፤ በገዛ እጃቸው እየወቀጡ፣ በገዛ እጃቸው እየለወሱ፣ «ቢስሚላህ በይ» እያሉ ነበር የሚያጠጧት። ሰሊማም ጠጣች። ምሬቱ ከማሩ አልፎ ጉሮሮዋን ይፍቃል፤ ጠጣች። አንድ ጠዋት ሱሌማን ሆዱን ይዞ፣ ጎብጦ ሳይታሰብ ማድ ቤት ገባና ኩባያውን ከእጇ ላይ አየው።

«ለሆድ ይሆናል አይደል እሱ? እስቲ አንድ ማንኪያ ስጪኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጠኝ ነው ያደረ።»

ሰሊማ ማንኪያውን አነሳች። እትዬ ሩቅያ ግን ከወዲያ ሮጠው መጥተው ኩባያውን ነጠቋት። «አንተ! ወንድ ቀመሰው ማለት እኮ ፈረሰ ማለት ነው! ውጣልኝ!» ሱሌማን እየሳቀ ወጣ። የዚያን ቀን መድኃኒት ዓይን አርፎበታል ተብሎ ከግቢው ጥግ ተደፋ። ዶሮዎች ለቀሙት።

ስምንት ዓመት ጠጣች። ጎንደር ሄዳ ተመርምራ ነበር፤ ሐኪሟ «አንቺ ደህና ነሽ፣ ባለቤትሽ ይምጣ» አለቻት። ሱሌማን «እኔ ምን ሆኜ?» አለ። ይህን ያለው በትዕቢት አልነበረም፤ ነገሩ ከልቡ ገርሞት ነው። ወንድ በልጅ ነገር ሲመረመር አይቶም ሰምቶም አያውቅም። እናቱም «ሐኪም ምን ያውቃል፣ ማሕፀኗ ቀዝቃዛ ነው» አሉ፤ በዚሁ ተዘጋ።

ፍቺው የተፈጸመው በሽማግሌ ፊት ነው። ሱሌማን አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ለሰሊማ ግን ምንም አላደረገላትም። «እናቴ ናት፣ ሰሊማ፤ ምን ላድርግ?» አላት። ልብሷን ጠቅልላ ዳባት ወንድሟ ቤት ገባች፤ ከልብሷ ቀድሞ የደረሰው ግን ስሟ ነበር፤ መካን። በኋላ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። «ልጆች አሉኝ፤ የምትወልድብኝ ሳይሆን የምታሳድግልኝ ነው የምፈልገው፤ እሷ ደግሞ አትወልድም አሉኝ» ማለቱን ሰማች። አላገባችውም። ከእሱ በኋላ ሌላ አልመጣም። ቅመም ተራ ላይ ቦታ ተከራይታ መሸጥ ስትጀምር፣ ከቅመም ሁሉ ጥቁር አዝሙድ ለምን እንደመረጠች ጠያቂ አልነበረም። ሌላ አታውቅም፣ ለዚህ ነው።

ዓመታት አለፉ። አርባን ተሻገረች። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ቀጭን፣ ዓይነ ግቡ ሴት መጥታ ከፊቷ ቁጢጥ አለች።

«እታለም፣ ከደባርቅ ነው የመጣሁት። ጥቁር አዝሙድሽ ንጹሕ ነው ብለው ላኩኝ። ያልተቆላ ነው የምፈልገው።»

«ለወጥ ነው?»

ሴትዮዋ ወደ ጎን ተመለከተች። ከጎን ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠው ስጦታ ከገዥ ጋር ትከራከራለች። «ለመድኃኒት ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጅ እንቢ አለኝ። አማቴ ናቸው የሚያዘጋጁልኝ። ከማርና ከዝንጅብል ጋር ነው። ከፈጅር በኋላ፣ ውኃ ሳልቀምስ። ወንድ ሳያየው።»

የሰሊማ እጅ ከመስፈሪያው ላይ ቀረ።

«ባልሽ ምን ይሠራል?»

«ባትሪ ሠሪ ነው። መናኸሪያው ጀርባ።»

የሱሌማንን አዲስ ሚስት ስም ሰምታለች፤ ሁዳ ይሏታል፤ የአዲ አርቃይ ልጅ ናት። መልኳን ግን አይታው አታውቅም። ሁዳም ከፊቷ የተቀመጠችው «እታለም» ማን እንደሆነች አላወቀችም። ሰሊማ ሰፈረችላት፣ ምራቂም ጨመረችላት፣ ሸኘቻት። ከዚያ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ስጦታ «ራስሽን አመመሽ እንዴ?» አለቻት።

አመመኝ አላለችም። ደስ ብሏት ነበር፤ እሱ ነው እውነቱ። ሁለተኛዋም አልወለደችም! እንግዲህ የቀዘቀዘው የማን እንደሆነ ደባርቅ ይይ። ደስታው ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደዚያ ኩባያ ነበር፤ ማሩ ቶሎ አለፈና ምሬቱ ቀረ።

ማታ ለወንድሟ ልጅ ለሙሰዓብ አወራችው። ሙሰዓብ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ወጣት ነው፤ አክስቱን ይወዳታል፤ ንግግሩ ግን የትምህርት ቤት ቃል ይበዛበታል። «ባትሪ ሠሪ?» አለ። «እርሳስ ያቀልጣል? ያለ ማስክ? አክስቴ፣ ይኼ እኮ የታወቀ ነገር ነው። የእርሳሱ ጭስና ብናኝ ደም ውስጥ ይገባል። የሆድ ቁርጠቱም፣ የአፉ ብረት ብረት ማለትም ከዚያ ሊሆን ይችላል። የወንዱንም ዘር ይጎዳል፤ ያሳንሰዋል፣ ያደክመዋል።»

«ጥቁር አዝሙዱስ?»

ሙሰዓብ ፈገግ አለ። «እሱማ ይገርምሻል። አንቲኦክሲዳንት የሚሉት ነገር አለው። እርሳሱ ሰውነትን ከውስጥ እንደ ዝገት ይበላዋል በይው፤ አንቲኦክሲዳንት ደግሞ ዝገቱን የሚከላከል ነው። አይጦችን እርሳስ እያበሉ ለእኩሌቶቹ ጥቁር አዝሙድ ሰጥተዋቸው፣ የእነዚያ ዘር ከሌሎቹ ያነሰ ነው የተጎዳው። ነጭ ሽንኩርትም፣ ዝንጅብልም ተሞክሯል። አይጥ ግን አይጥ ነው፤ በሰው ላይ እንዲህ ነው ብዬ አልምልልሽም። ደግሞ እርሳሱን እየማገ ጥቁር አዝሙድ ቢጠጣ፣ ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። መጀመሪያ እርሳሱን ይተው፣ ጎንደር ሄዶ ይመርመር። ከዚያ ይጠጣ፤ አይጎዳውም።» አክስቱን አያት። «እሱ ነበር መጠጣት የነበረበት። አንቺ ምን ሆነሽ ጠጣሽው?»

ሰሊማ ያን ማታ እራት አልበላችም። የታያት ማንኪያው ነው። አንስታው ነበር እኮ። ወደ አፉ ልታደርሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለሰሊማ የሚያኮሩ አይደሉም፤ ሰው ናትና ይነገር። ዝም አለች። ሁዳ እየመጣች ትገዛለች፣ ሰሊማ እየሰፈረች ትሸጣለች፣ የምታውቀውን ግን አትናገርም። ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ሁዳ ካልወለደች ሰው ቀስ በቀስ ዓይኑን ወደ ሱሌማን ያዞራል፤ ያኔ የሰሊማ ስም ይነጻል። ሁዳ ከወለደች ግን ነገሩ አለቀ። «አየህ፣ የእሱ አልነበረም፤ የዚያችኛዋ ነበር» ይባላል፤ መካን እንደተባለች ወደ መቃብር ትወርዳለች። አባቷ ይህንኑ ስም ሰምቶ ነው የሞተው። ልጅ መውለዱ አልፏታል፤ ቢያንስ ስሟ ይመለስላት አለች በልቧ። ይህን በመመኘቷ የሚፈርድባት ሰው እስቲ ስምንት ዓመት ያን ኩባያ ይጠጣ።

ረመዳን ሲቃረብ ሁዳ እንደገና መጣች። ከስታለች። መያዣ ዕቃዋን ሳትዘረጋ ተቀመጠች።

«ዛሬ አትገዢም?» አለች ሰሊማ።

«የመጨረሻዬ ሳይሆን አይቀርም፣ እታለም። አማቴ ከዒድ በኋላ ሽማግሌ እጠራለሁ ብለዋል። መጀመሪያ የነበረችውንም እንዲሁ ነው ያሰናበቷት፤ ሰሊማ የምትባል።» እንባዋ መጣ። «ባሌ ክፉ አይደለም። እናቱ ሲናገሩ ግን መሬት መሬት ነው የሚያየው።»

ሰሊማ ይህንን መሬት የሚያይ ሰው ታውቀዋለች። ልጅቷ ደግሞ ያን ጊዜ ራሷ የነበረችውን ትመስላለች፤ ልብሷን ጠቅልላ፣ ስሟ ቀድሟት፣ ወደ አዲ አርቃይ የምትወርደው ታየቻት። የሰሊማ ሒሳብ እዚያው ላይ ተበላሸ።

«ሰሊማ እኔ ነኝ» አለች።

ሁዳ ቀና አለች።

«አትደንግጪ። ስሚኝ። ይህንን ጥቁር አዝሙድ ስምንት ዓመት ጠጥቼዋለሁ። አንቺም ብትጠጪው ምንም አያመጣም፤ መጠጣት ያለበት እሱ ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ እርሳሱን ይተው። ደሙ ውስጥ የገባው እርሳስ ነው ዘሩን የጎዳው። ጎንደር ውሰጂው፤ ደሙም ዘሩም ይታይ። እንቢ ካለሽ ሰሊማ ናት ያለችው በይው። ጥቁር አዝሙዱንም በማንኪያ አድርገሽ በገዛ እጅሽ አጉርሺው፤ ወንድ ይየው፣ ምንም አይፈርስም።»

ሁዳ እጇን ያዘቻት። «ከወለድኩ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ እውነቱን እኔው እናገርልሻለሁ» አለች። ሰሊማ አላመነቻትም፤ ልጅቷ ውሸታም ስለሆነች ግን አይደለም። እትዬ ሩቅያን ስለምታውቃቸው ነው።

ሱሌማን ጎንደር ሄደ። ሙሰዓብ እንዳለው ሆኖ ተገኘ፤ ደሙ ውስጥ እርሳሱ በዝቷል፣ ዘሩም ደክሟል። ለእናቱ ግን «ሆዴን ነው፤ ሐኪም ሥራ ቀይር አለኝ» አላቸው። ማቅለጡን ትቶ አዲስ ባትሪና ጎማ መሸጥ ጀመረ። ሕክምናውንም ጀመረ፤ ጥቁር አዝሙዱንም በየጠዋቱ ከሁዳ እጅ ጎረሰ። ለእናቱም «ሁዳን ትንሽ ጊዜ ታገሽልኝ» ብሎ ለመነ። ሰሊማ ይህን ስትሰማ እንደ እሾህ ወጋት። ለካ ለልመና የሚሆን አንደበት ነበረው።

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ሁዳ ሴት ልጅ ወለደች። በጥቁር አዝሙዱ ነው፣ በሕክምናው ነው፣ ወይስ እርሳሱን በመተው? ሙሰዓብ «እኔ እርሳሱን መተው ነው እላለሁ፤ ቀሪው አግዞ ይሆናል» አለ። እትዬ ሩቅያ በአቂቃው፣ በልጅቷ ስም ማውጫ ድግስ ቀን፣ ለተሰበሰበው ሁሉ «የእናቴ መድኃኒት አያሳፍርም፤ ማሕፀን ካገኘ!» አሉ።

ወሬው ዳባት ለመድረስ አልዘገየም። ያመጣችው ስጦታ ናት። ስጦታ ቅመም ተራ የመጣችው በቅርቡ ስለሆነ ሰሊማ የሱሌማን ሚስት እንደነበረች አታውቅም፤ ነጭ ሽንኩርቷን እየላጠች፣ በየዋህነት፣ ተናገረችው።

«የደባርቁን ባትሪ ሠሪ ሰማሽ? ወለደ። እናቱ እውነታቸውን ኖሯል፤ የቀድሞዋ ናት መካኗ። እሱን ምስኪኑን ስንት ዘመን አስቀመጠችው!»

«ምስኪን» አለች ሰሊማ። ጥቁር አዝሙዱን ማበጠር ጀመረች። ነፋስ አልነበረም፤ ገለባው ተመልሶ እዚያው ወንፊት ላይ ይወድቃል። እሷ ግን አበጠረች።

ሱሌማን የመጣው ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል፤ እጁ ግን ንጹሕ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ምንም የለም። ሰሊማ መጀመሪያ ያየችው ጥፍሩን ነው። ከፊቷ ቁጢጥ አለና ገዥ ለመምሰል ጥቁር አዝሙዱን ቆንጥሮ መዳፉ ላይ አደረገ።

«ሰሊማ፣ ይቅር በይኝ» አለ። ጠጋ ካላሉ የማይሰማ ድምፅ ነበር። «የእኔ ነበር። ሁሉም የእኔ ነበር። ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«ድምፅህን ከፍ አድርግ» አለችው። «ስጦታ እዚህ ናት። ትስማው። እሷ ከሰማች ዳባት ሰማ ማለት ነው።»

ሱሌማን ወደ ስጦታ አየ። ስጦታ ስሟን ሰምታ ቀና አለች። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ መሬት መሬት አየ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ሰሊማ ይህን ተረት እንደ ማንም ታውቀዋለች። ግን የፈለገችው እሱ እንዲናገር እንጂ እሷ በእሱ ፋንታ መጮህን አይደለም። እሷ ብትጮህማ «ቅናት ነው» ይሏታል።

«ልጅህን ማን አላችኋት?» አለችው።

«ሰሀር። ሰሊማ ልንላት ነበር» አለ። «ሁዳ ናት ያለችው። አልቅሳ ነው የለመነችው። ሁሉንም ልትናገርልሽም ነበር፤ ተይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስሙ ለምን ቀረ?»

«እናቴ አይሆንም አለች። የመካን ስም ለልጅ አይወጣም አለች።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ሱሌማን መዳፉ ላይ ያለውን ጥቁር አዝሙድ ያየው ጀመር። ሰሊማ ጠበቀችው። ስምንት ዓመት ጠብቃዋለች፣ ከዚያም ወዲህ ጠብቃዋለች፤ ትንሽ ብትጨምር አይከብዳትም። ሰውዬው ግን የያዘውን ቀስ ብሎ መልሶ ክምሩ ላይ አራገፈው። ተነሳ። በገዥዎች መሀል አልፎ ወደ ደባርቅ ሚኒባስ ሄደ።

ስጦታ አንገቷን ሰግጋ በዓይኗ ተከተለችው። «ማነው ሰውዬው? ሳይገዛ ሄደ እኮ። ምን ይልሻል?»

ሰሊማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የበርበሬ ብናኝ እዚያ ጥግ አይደርስም፤ ስጦታም ታውቃለች፤ ግን አልጠየቀቻትም።

«ጥቁር አዝሙድ ለወንድ ይሆናል ወይ ነው የሚለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ይሆን ነበር አልኩት» አለች ሰሊማ፣ ቀጥላም ፊቷ ለቆመችው ገዥ መስፈሪያውን አነሳች።